ሽጉጥ የማይገባበት አዳራሽ

ዴልማር ዊክማን ሽጉጡን ከወገቡ የሚፈታው ሲተኛና ገላውን ሲታጠብ ብቻ ነበር። ዕድሜው ስድሳ ስምንት ነው፤ አርባውን ዓመት ያሳለፈው በቴክሳስ ኮረብታዎች መሀል የውኃ ጉድጓድ ሲቆፍር ነው። ከሃያ ዘጠኝ ዓመት በፊት፣ ከሰው በራቀ አንድ የግጦሽ መሬት ላይ ብቻውን ሲሠራ፣ ሁለት ሰዎች ደርሰውበት ደበደቡትና መሣሪያዎቹን ጭነው ሄዱ። ሁለት ጥርስ አጥቶ፣ ስምንት ማይል በእግሩ ተጉዞ ነው ሰው ያገኘው። በማግስቱ ሽጉጥ ገዛ። ከዚያ ወዲህ ቀኝ ወገቡ ባዶ ሆኖ የዋለበት ቀን የለም። ሚስቱ ኖርማ በሕይወት ሳለች፣ «እኔን ረስተህ ከቤት ልትወጣ ትችላለህ፤ እሱን ግን አትረሳም» እያለች ትስቅበት ነበር።

ኖርማ ካረፈች ስድስት ዓመቷ ነው። ከሞተች በኋላ ዴልማር ሰው ራቀ፤ ምሳውን እንኳ ምድጃው አጠገብ ቆሞ ነበር የሚበላው። ከዚያ ኑሮ ጎትቶ ያወጣው የልጅነት ጓደኛው በስተር ነው። አንድ እሑድ መጥቶ፣ ቡትስ ጫማህን አድርግ ብሎ በግድ መኪና ውስጥ አስገባውና ከከተማው ወጣ ብሎ ወዳለው የድሮ የዳንስ አዳራሽ ወሰደው። አዳራሹ አያቶቻቸው በእንጨት የሠሩት፣ ቆርቆሮ የለበሰ ሰፊ ቤት ነው። እሑድ ከሰዓት በኋላ የአኮርዲዮንና የከበሮ ሙዚቃ አለ፤ ያገሩ ሽማግሌዎችና አሮጊቶች ጉልበታቸውን ረስተው ፖልካ ይደንሳሉ። ዴልማር በመጀመሪያው እሑድ ጥግ ይዞ ተቀመጠ። በሁለተኛው እግሩ ከወንበሩ ሥር ዜማውን ይከተል ጀመር። በሦስተኛው ተነሣ።

አዳራሹን ገዝታ ያደሰችው ኦዴሊያ ካንቱ ትባላለች። ባሏን ቀብራለች፣ ስድሳ አንድ ዓመቷ ነው፣ ሃያ ስድስት ዓመት የተማሪዎች አውቶቡስ ነድታለች። ሃያ ስድስት ዓመት አርባ ሕፃን ከኋላዋ ጭና የነዳች ሴት ድምጿን ከፍ ማድረግ አያስፈልጋትም፤ ቀና ብላ ካየችህ ትቀመጣለህ። ዴልማር ለዳንሱ ብሎ እንደሚመጣ ለሁሉም ይናገር ነበር። ዓይኑ የት የት እንደሚል ግን የማያውቅ ሰው አልነበረም።

በአንድ ሚያዝያ አንድ ነገር ሆነ። ፖልካው ደርቶ ሳለ፣ የአንድ እንግዳ ሽጉጥ ከኪሱ አምልጦ ወለሉ ላይ ወድቆ ባረቀ። ጥይቱ ማንንም አልነካም፤ የትልቁን ከበሮ ሆድ በስቶ በግድግዳው ወጣ። ከበሮ መቺው ክሌዎፋስ መጀመሪያ የከበሮውን ሆድ አየ፣ ቀጥሎ የራሱን ዳበሰ፣ ከዚያ ቁጭ አለ። ሰዉ ድንጋጤው ሲለቀው ሳቀ። ኦዴሊያ ግን አልሳቀችም። በዚያው ሳምንት በሩ ላይ ትልቅ ማስታወቂያ ሰቀለች። በእንግሊዝኛም በስፓኒሽም፣ በግልጥም ሆነ በስውር ሽጉጥ ይዞ መግባት ክልክል ነው ይላል።

በስተር ማስታወቂያውን አነበበ፤ ደግሞ አነበበ፤ ባርኔጣውን አስተካክሎ ሚስቱን አይሊንን ይዞ ወደ መኪናው ተመለሰ። መብቴን በር ላይ አላስቀምጥም ብሎ ከዚያ ቀን ጀምሮ ቀረ።

ዴልማርም ማስታወቂያውን እንደ በስተር ጠልቶታል። እሑድን መተው ግን አቃተው። ስለዚህ በስተር ያላደረገውን አደረገ። አነስ ያለች ጠፍጣፋ ሽጉጥ ነበረችው፤ እሷን ከጀርባው ሱሪው ውስጥ ሸጉጦ፣ ሸሚዙን ከላይ ለቀቅ አድርጎ ገባ። ማንም ካላያት ማንን ትጎዳለች? ክፉ ሰው የመጣ ዕለት ደግሞ ኦዴሊያ ራሷ ታመሰግነኛለች አለ በልቡ። በዚህ ሁኔታ ሰባት እሑድ ደነሰ።

በስምንተኛው እሑድ ኦዴሊያ ራሷ ወደ ተቀመጠበት መጣችና እጇን ዘረጋችለት። ዴልማር እንዴት እንደተነሣ አያስታውሰውም። ዝግ ያለ የዋልስ ዳንስ ነበር። ሁለት ዙር እንደዞሩ፣ አንድ ወፈር ያለ ሰውዬ ከኋላ ገፋቸው፤ የኦዴሊያ እጅ ከትከሻው ተንሸራቶ ጀርባው ላይ አረፈ። እዚያው ቀረ።

«ይሄ ምንድን ነው፣ አቶ ዴልማር?» አለችው በጆሮው።

«የወገብ መደገፊያ ነው። ሐኪም አዞልኝ ነው።»

«አውቶቡሴ ውስጥ እባብ ደብቆ የገባ ልጅ ነበር። ሳንድዊች ነው ያለኝ።»

ዳንሱን አላቋረጠችም። ሰው እንዳይሰማባቸው እስከ መጨረሻው ዞረችለት፤ ዜማው ሲያልቅ ክንዱን ይዛ፣ እንግዳ እንደምትሸኝ ሰው፣ እስከ በሩ ወሰደችው።

«ቢጠይቁኝ ኖሮ አይሆንም እልዎት ነበር» አለችው። «ያንን ስላወቁ ነው ያልጠየቁኝ። ያስከፋኝ እሱ ነው።»

ዴልማር ፊቱ እንደ በርበሬ ቀልቶ ሄደ። መጀመሪያ ተናደደ፤ በሀገሩ ሕግ በተፈቀደለት ነገር እንደ ተማሪ ተፈተሸ። በማግስቱ ጠዋት በስተር ቤት ሄዶ፣ የተበደለ ሰው ሆኖ ታሪኩን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አወራ። በስተር የበረንዳው ወንበር ላይ እየተወዛወዘ ሰምቶ ጨረሰ።

«አንተ ሽማግሌ፣ ሌባ ነህ እኮ» አለው።

«ምን ሰረቅሁ?»

«እኔ ያቺን ማስታወቂያ እጠላታለሁ። ስለጠላኋት አልገባሁም። አንተም ጠልተሃታል፤ ግን ገባህ፣ የአዳራሹን ምሳ በላህ፣ ከራሷ ከኦዴሊያ ጋር ደነስክ። እስቲ ንገረኝ፣ ሴትዮዋን ያከበራት ከሁለታችን ማን ነው?»

ዴልማር ክፉ ሰው ስለሚመጣበት ቀን አነሣበት። በስተር በዚህ አልተከራከረውም፤ ያ ሐሳብ የሱም ሐሳብ ነው። ግን እሱን የምትለው በፊቷ ነው እንጂ በሸሚዝህ ሥር አይደለም ብሎት፣ አይሊንን ቁርስ ጨምሪ አላት። ዴልማር እንቁላሉን በልቶ ሄደ።

ሁለት እሑድ አለፈ። በሦስተኛው ሳምንት፣ ሐሙስ ረፋድ ላይ፣ በሰፊው ግቢው የሚያረባቸውን ከብቶች ሊያይ ሲዞር ኩሬው ዳር አንድ የማያውቀው ሰው ቆሞ ዓሣ ሲያጠምድ አየ። የዴልማር በር ላይ «መግባት ክልክል ነው» የሚል ሠሌዳ አለ፤ ያንን ሠሌዳ ተላልፎ የገባን ሰው ዴልማር በሕይወቱ በለዘበ ቃል አናግሮ አያውቅም። ሰውዬው አዲስ ባርኔጣ የደፋ የከተማ ጥርስ ሐኪም ነበር። ሽጉጥ የታጠቀ ሽማግሌ ሲመጣበት ሲያይ ዘንጉን ጣለ።

«ጌታዬ፣ ማንም የሚያይ አልመሰለኝም» አለ። «ምንም ነገር አላበላሸሁም። ማንን እጎዳለሁ ብዬ ነው።»

ዴልማር ሊጮኽበት አፉን ከፍቶ ነበር። ቃሉ ግን ዴልማር ትንሿን ሽጉጥ ሲደብቅ ለራሱ ያለው ቃል ነው። አፉን ዘጋ። ከዚያ አንድ ድንጋይ ላይ ቁጭ ብሎ ይስቅ ጀመር፤ ዓይኑ እንባ እስኪያቀር ሳቀ። ጥርስ ሐኪሙ ከጩኸት ይልቅ ሳቁ አስፈራው መሰለኝ፣ ወደ አጥሩ ማፈግፈግ ጀመረ። ዴልማር በእጁ መለሰው። ዘንግህን አንሣ፣ ጀምረሃልና ጨርስ አለው፤ ለሚቀጥለው ግን ደውለህ ጠይቅ፣ ምናልባት እሺ እልህ ይሆናል፣ ምናልባትም አልልህም፣ ኩሬው የኔ ነው። ሰውዬው ስልክ ቁጥሩን ጻፈ። ሲለያዩ ተጨባበጡ።

እሑድ ዕለት ዴልማር ዳንሱ ሊጀመር አንድ ሰዓት ሲቀረው አዳራሹ ደረሰ። ትልቁንም ትንሿንም ሽጉጥ መኪናው ውስጥ ባለው የብረት ሣጥን ቆልፎ ወረደ። ከመኪናው እስከ በሩ ያለው መንገድ ረዘመበት። ቀኝ ጎኑ ቀልሎት፣ አንድ እግሩን ብቻ ጫማ እንዳደረገ ሰው ወደ ግራ እያዘመመ ሄደ። ኦዴሊያ ወለሉን ትጠርግ ነበር። ባርኔጣውን አውልቆ ከደጃፉ ሳያልፍ ቆመ።

«ማስታወቂያዎ ስሕተት ነው ብዬ አምናለሁ» አላት። «ክፉ ሰው ማስታወቂያ አያነብም። እስክሞት ይህንኑ እላለሁ። ግን በሩ የርስዎ ነው። እኔ ደግሞ ተደብቄ ገባሁ። ይቅርታ ያድርጉልኝ።»

ኦዴሊያ መጥረጊያዋን ተደግፋ ቆመች።

«ስለ ክፉው ሰው መልስ የለኝም» አለችው። «ብዙ አስቤበታለሁ። አንድ የማውቀው ነገር ቢኖር፣ እዚህ ቤት የገባችው ጥይት የክፉ ሰው ጥይት አልነበረችም። ደግ ሰው ነው የጣላት። በዚያ ቀን ያንን ሰውዬ ግቢ ውስጥ ያባበልኩት እኔ ነኝ፤ እንደ ሕፃን ነበር የሚያለቅሰው።»

ዴልማር ያንን አልሰማም ነበር። አለመስማማታቸው ግን እንደ ሦስተኛ ሰው መሀላቸው ቆሞ፣ ሁለቱንም የማያስፈራ ሆኖ አገኘው።

«እና አሁን ባዶ እጅህን ነህ?» አለችው።

«ባዶዬን ነኝ።»

«እንግዲያው ግባና መጥረጊያውን ያዝ። ጥጉን ጥጉን በደንብ፤ እዚያ ነው ቆሻሻው የሚሸሸው።»

ዴልማር መጥረጊያውን ተቀበለ። አዳራሹን ግማሽ ከጠረገ በኋላ ነው «አንተ» እንዳለችው ልብ ያለው። ቆም ብሎ በልቡ ደገመው፤ የቀረውን ግማሽ በፉጨት ጠረገ።

በዚያ ቀን የደነሰውን ያህል ደንሶ አያውቅም። ሽጉጡ ሃያ ዘጠኝ ዓመት በቀኝ በኩል ሲከብደው፣ ሲዞር ሁልጊዜ ወደ አንድ ወገን ነበር፤ አሁን ወደ ግራም መዞር እንደሚችል አወቀ። ችግር የፈጠረው ቀበቶው ብቻ ነው፤ ሽጉጡ ሲወጣ ሰፍቶት፣ ፖልካው መሀል ሱሪው መውረድ ጀመረ። በአንድ እጁ ሱሪውን፣ በሌላው ኦዴሊያን ይዞ ጨረሰ። ኦዴሊያ ከሳቋ ብዛት ዜማውን ሁለቴ ሳተችው።

በጥቅምት ኦዴሊያ የዴልማርን ከብቶች ለማየት መጣች። በሩ ላይ መኪናዋን አቁማ ደወለችለት፤ የግቢህ ደንብ ምንድን ነው ብላ ጠየቀችው። በኔ ግቢ የፈለገ ይታጠቃል አላት። ጥሩ አለችና ገብታ ከመኪናዋ ወንበር ኋላ በጨርቅ የተጠቀለለ የአባቷን ጠመንጃ አወጣች። ዴልማር ዓይኑን ማመን አቃተው። አጥሩ ላይ አሥር አሥር ባዶ ጣሳ ደረደሩ። እሱ ሰባት ጣለ። እሷ አሥሩንም።

«ተኩስ እንደምትችዪ ለምን አልነገርሽኝም?»

«መቼ ጠየቅኸኝ?» አለችውና ጣሳዎቹን መልሳ ለመደርደር ሄደች።

በሚቀጥለው ፀደይ ተጋቡ። ድግሱ በአዳራሹ ነው፤ ማስታወቂያውም እንደተሰቀለ ነው። ዴልማር ለበስተር ያለ አንተ አይሆንም ሊለው ሄዶ ነበር። በስተርም ሽጉጤን አልፈታም፣ የበሯንም ደንብ አልሰብርም፣ ግን አልቀርም አለው። እንዴት እንደሚሆን አልነገረውም። በሠርጉ ቀን ከአዳራሹ ፊት ለፊት፣ የማንም ባልሆነው የመንግሥት መንገድ ዳር፣ ከአንድ ትልቅ ዛፍ ሥር ሁለት ተጣጣፊ ወንበር ተዘርግቶ ታየ። በስተር ሙሉ ልብሱን ለብሶ፣ ክራባት አስሮ፣ ሽጉጡን በወገቡ ታጥቆ ተቀምጧል። አጠገቡ አይሊን ባለአበባ ባርኔጣ ደፍታለች።

ኦዴሊያ በነጭ ቀሚሷ በሩ ላይ ወጥታ አየቻቸው። ማንንም ሳትወቅስ ተመለሰችና በመንገዱ በኩል ያሉት መስኮቶች ሁሉ ተከፍተው በእንጨት እንዲደገፉ አዘዘች። አኮርዲዮን ተጫዋቹን መስኮቱ ሥር አስቀመጠችው። የተጠበሰ የፍርምባ ሥጋና ባቄላ በሰፊ ሳሕን ተሞልቶ መንገዱን ተሻግሮ ሄደ። ትንሽ ቆይቶ በስተርና አይሊን በሣሩ ላይ ሲደንሱ ታዩ። ሁለት ጥንዶች ከውስጥ ወጥተው ተቀላቀሏቸው፤ ከዚያ አሥር፤ ከዚያ አዳራሹ ባዶውን ቀርቶ ሙዚቀኞቹ ለመስኮት ብቻ ይጫወቱ ጀመር።

ኦዴሊያ ቀሚሷን ሰብስባ መንገዱን ተሻገረች። በስተር ባርኔጣውን አውልቆ ጎንበስ አለላት፤ አንድ ፖልካ ደነሱ፤ በስተር እግሯን ሦስት ጊዜ ረገጣት። ድርቆሽ ጭኖ ይመጣ የነበረ መኪና መንገዱ በሰው ተሞልቶበት ቆመ። ሾፌሩ በመስኮት ብቅ ብሎ ምን ተፈጠረ ብሎ ጠየቀ። ሠርጌ ነው አለው ዴልማር፤ ሳሕን አስያዘውና ሞተሩን አስጠፋው።