ያልተከሰሰው ሙሽራ

ትብለጥ የመጀመሪያ ክሷን ሦስት ጊዜ ጽፋዋለች፤ አንዴ በእጇ፣ ሁለቴ በኮምፒውተር። መቱ ተወልዳ መቱ ያደገች፣ ጅማ ሕግ ተምራ የተመለሰች የልብስ ሰፊው የገብረ መስቀል ልጅ ናት። በከተማዋ ዐቃቤ ሕግ ቢሮ ለስድስት ወር ሌሎች የጻፉትን ክስ ስታነብና ቀጠሮ ስትመዘግብ ከርማ፣ በሰኔ 2011 ዓ.ም. አንድ ፋይል ለብቻዋ ተሰጣት። ያን ቀን ቤቷ ስትገባ ፊቷ ፈክቶ ስላዩ አባቷ እጮኛ ያገኘች መስሏቸው ስንት ጥያቄ አዥጎደጎዱባት። ፋይል መሆኑን ሲሰሙ ትንሽ ቅር አላቸው።

ፋይሉ እንዲህ ይላል። ከኖፓ ወዲያ ባለች ቀበሌ የሚኖር አራርሳ የሚባል የሃያ ስድስት ዓመት ወጣት፣ ጎረቤቱ ኦቦ ጅራታ ጫካ ውስጥ ቀረሮ ዛፍ ላይ የሰቀሉትን ቀፎ፣ ባለቤቱ በሌሉበትና ሳይፈቅዱለት ወጥቶ ማሩን አወረደ። ሲወጣና ሲወርድ ያዩት ሦስት ምስክሮች አሉ። ራሱም ሲጠየቅ “አዎ፣ አውርጃለሁ” ብሎ ፈርሟል። ሦስት የዓይን ምስክርና አንድ የእምነት ቃል ይዞ የሚመጣ ስርቆት ለጀማሪ ዐቃቤ ሕግ ሎተሪ ነው። ትብለጥም ክሱን በችሎት ስታነበው እንዴት እንደምትቆም፣ የቱ ላይ ድምጿን ከፍ እንደምታደርግ ሳይቀር በመስታወት ፊት ተለማምዳለች። ክስ የማቅረቢያው አሥራ አምስት ቀን የሚያልቀው ዓርብ ነው።

የመዝገብ ቤቱ ኃላፊ ጋሼ ዳምጤ ግን ፋይሉን አልወደዱትም። ጋሼ ዳምጤ በዚያ ግቢ ሠላሳ ስድስት ዓመት ሠርተው ለጡረታ ሁለት ዓመት የቀራቸው ሰው ናቸው። ሕግ አልተማሩም። ሆኖም ስንቱ ዐቃቤ ሕግ ሲመጣና ሲሄድ፣ መሥሪያ ቤቱ ራሱ ስሙን ሲቀያይር አይተዋል፤ ይህንንም ለአዲስ ሠራተኛ ሁሉ ሳይተርኩ አይውሉም። በንጉሡ ጊዜ ዐቃቤ ሕግ በፍርድ ሚኒስቴር ሥር ነበር፤ ይህን የሰሙት ከእሳቸው በፊት ከነበሩት ጸሐፊ ነው። በደርግ መጨረሻ ራሱን ቻለ። ከዚያ ፌዴራሉ መጣና ከላይ ፍትሕ ሚኒስቴር፣ እዚህ ፍትሕ ቢሮ ተባለ፤ የሥራው ቋንቋ ኦሮምኛ ሆነና ጋሼ ዳምጤም ትዳር ከያዙ በኋላ እንደ ተማሪ ደብተር ገዝተው በቁቤ መጻፍ ተማሩ። በ2008 ደግሞ አዲስ አበባ ላይ ጠቅላይ ዐቃቤ ሕግ ተቋቋመ፤ ክልሉም ተከተለና በሩ ላይ ያለው ታፔላ እንደገና ተቀየረ። ወደፊትም ይቀየራል ይላሉ ጋሼ ዳምጤ፣ ቀለም ቀቢውም ልጆች አሉት።

ከዚህ ሁሉ ስም ሥር የማይለወጠው ምን እንደሆነ ግን ለትብለጥ በግልጽ ነግረዋታል። “ልጄ፣ መክሰስ የሥራችን ግማሹ ነው። ፖሊስ ያመጣል፣ ዳኛ ይፈርዳል። መሐል ላይ ቆሞ ‘ይሄኛው አይሄድም’ ማለት የሚችል ከዚህ ቤት በቀር ማንም የለም። ወረቀቱ ከዚህ በር ከወጣ በኋላ መመለሻ የለውም።”

ይህን ያሏት ያለ ነገር አልነበረም። ጋሼ ዳምጤ የማይሰሙት ወሬ የለም፤ እሑድ አራርሳ ለትዳር ሽማግሌ የሚልክበት ቀን እንደሆነ ሰምተዋል። ልጅቷ ኢብሴ ትባላለች፣ የቡሬ ልጅ ናት፤ እሷም እሱን ትወደዋለች። አባቷ ኦቦ ኢቲቻ ግን የማሩ ነገር ጆሯቸው ደርሷል። ልጁ ከተከሰሰ ሽማግሌዎቹ በሬን አይርገጡ ብለው ልከዋል። ክሱ ዓርብ ከገባ እሑድ የለም ማለት ነው።

ትብለጥ ይህን ስትሰማ ልጅቷ አሳዘነቻት፤ ሐሰት ምን ያደርጋል። ግን ሕግ የሰው ሠርግ እያየ አይሠራም ብላ ራሷን አጽናናች። ሌባ ሙሽራ ሆኖ ከሚያገባት ልጅቷ ብታውቀው አይሻልም ወይ? እንዲህ እያለች ሐሙስን አሳለፈች።

ዓርብ ከሳሹንም ተከሳሹንም ለመጨረሻ ጊዜ ልታነጋግር ጠርታቸው ነበር። ቀጠሮው ስምንት ሰዓት ነው። ሰባት ሰዓት ተኩል ላይ ሻይ ልትጠጣ መንገዱን ተሻግራ ሀምዱ ምግብ ቤት ስትገባ፣ ጥጉ ላይ አንድ ሽማግሌና አንድ ወጣት በአንድ ትሪ ሽሮ ይበላሉ። ወጣቱ ለሽማግሌው ያጎርሳቸዋል። ሽማግሌው ቃሪያውን ከፍለው ግማሹን ወደሱ ይገፉለታል። ደስ የሚሉ አባትና ልጅ ናቸው ብላ አሰበች። ባለቤቱ ሀምዱ ሻይዋን ሲያቀርብላት ሰዎቹ ከኖፓ መምጣታቸውን ነገራት፤ እናንተ ቢሮ ጉዳይ አላቸው አላት፣ ሽማግሌው ይህን ልጅ ከስሰውት ነው።

ትብለጥ ሻይዋን ሳትጨርስ ወጣች። ደሟ ፈልቷል። በአንድ ጊዜ ሁሉም ነገር ወለል ብሎ ታያት፤ ተከሳሹ ምስኪኑን ሽማግሌ በሽሮ እየደለለ አፋቸውን ሊያዘጋቸው ነው። ቢሮዋ እንደገባች ከስርቆቱ ሌላ ምስክር በማባበል የሚል ሁለተኛ ክስ ለመጨመር ሕጉን ታገላብጥ ጀመር። አንቀጹን ስታገኘው ደስ አላት።

ስምንት ሰዓት ላይ ሁለቱ አብረው ገቡ። ወጣቱ ሽማግሌውን በክንዳቸው ደግፎ ወንበር ላይ አስቀመጣቸውና እሱ ቆመ። ትብለጥ በኦሮምኛ፣ በተቻላት መጠን ኮስተር ብላ፣ ከሳሽና ተከሳሽ ምን ሲያደርጉ አብረው ምሳ እንደበሉ ጠየቀች። ሁለቱም ግራ ገብቷቸው ተያዩ። ኦቦ ጅራታ ጉልበታቸው ታማሚ ስለሆነ ብቻቸውን ሚኒባስ ላይ መውጣት አይችሉም፤ ወደ መቱ ጉዳይ ሲኖራቸው ሁሌም ይዟቸው የሚመጣው አራርሳ ነው። ታዲያ ዛሬ ጉዳዩ የሱ ክስ ስለሆነ ብቻ ሌላ ሰው ከየት ይፈልጋሉ?

“እንዲከሱት እሱ ራሱ ይዞዎት መጣ?” አለች ትብለጥ።

“ወደ ፖሊስም የወሰደኝ እሱ ነው” አሉ ኦቦ ጅራታ። “ዝናብ ነበር፤ ዣንጥላ የያዘልኝ ማን መሰለሽ?”

በሩ ላይ ፋይል የያዙ መስለው የቆሙት ጋሼ ዳምጤ ሳል ያዛቸው። ትብለጥ ግን አልሳቀችም፤ አንቀጹን በጣቷ ይዛ እንደተቀመጠች ራሷም ያልጠበቀችው ጥያቄ ከአፏ ወጣ። በፋይሉ ውስጥ ሃያ ሁለት ገጽ አለ፤ በሃያ ሁለቱ ውስጥ ይህን ጥያቄ የጠየቀ ሰው የለም። ማሩ አሁን የት ነው አለቻቸው።

“ማሩማ ቤቴ ነው” አሉ ሽማግሌው። “የት ይሆናል? ያወረደ ዕለት ለባለቤቴ አስረክቧታል። ግማሹን ለኛ፣ ግማሹን ለሱ፤ እንደ ወትሮው።”

“ታዲያ ምኑን ሰረቀዎት?”

“ሰረቀኝ ብዬ መች ተናገርኩ፣ ኢንተላ ኮ?” አሉ ኦቦ ጅራታ፣ በሽምግልና ድምፅ ልጄ ማለታቸው ነው። “ሳይጠራኝ ወጣ ነው ያልኩት። ሌላ ቃል ከአፌ አልወጣም።”

ከዚያ ነገሩ ቀስ እያለ ወጣ። ጉልበታቸው ካስቸገራቸው ወዲህ ዛፉ ላይ የሚወጣላቸው አራርሳ ነው፤ አምስት ዓመት ሆነው። ደንቡ ግን ባለቀፎው ከዛፉ ሥር እንዲቆም ነው። ዛፉ ላይ የወጣው ሰው ገመዱን ሲያወርድ የመጀመሪያዋ የማር እንጀራ በባለቤቱ እጅ ላይ ታርፋለች፤ እሱ ሳይቀምስ ማንም አይቀምስም። ዘንድሮ ኦቦ ጅራታ ቡሬ ለቅሶ ሄደው ሳምንት ቆዩ። ዝናቡ እየገፋ መጣና አራርሳ ማሩ እንዳይበላሽ ብሎ ብቻውን ወጣ። ሽማግሌው ሲመለሱ ማሩ ቤታቸው ተቀምጦ ጠበቃቸው። ከዛፉ ሥር ያልቆሙበት የመጀመሪያው ዓመት ነው። ያን ቀን እንዳረጁ ገባቸው፤ ከዚህ በኋላ እሳቸው ባይኖሩም ማሩ እንደሚወርድ ገባቸው። አራርሳ ይህን ሲሰማ ዓይኑን ወለሉ ላይ ተከለ።

ትብለጥ ታዲያ ለምን በጃርሱማ፣ በአገር ሽማግሌ አልጨረሱትም ብላ ጠየቀች። ፍርድ ቤት ድረስ የሚያመጣ ነገር አልነበረም። ኦቦ ጅራታ መልሱ ግልጽ ሆኖ ሳለ እንዴት ተማርኩ የምትል ልጅ ትጠይቃለች በሚል ዓይን አዩዋት።

“የአገሩ ሽማግሌ እኔ ነኝ” አሉ። “የሰውን ጸብ ሁሉ የማስታርቅ እኔ ነኝ። በራሴ ጉዳይ ተቀምጬ ልፍረድ እንዴ? የቀረው መንግሥት ነው፤ ስለዚህ ወደ መንግሥት መጣሁ።”

ጋሼ ዳምጤ ፋይላቸውን ይዘው ወደ ኮሪደሩ ወጡ፤ ከዚያ የመጣው ድምፅ ሳል አልነበረም። ትብለጥን ግን የቆረቆራት ሌላ ነገር ነበር። እጇ ሥር ያለው፣ ሦስት ጊዜ የተጻፈው ክስ ከውብ ቃላቱ ጋር አንድ ሰው ጠረጴዛዋ ላይ የረሳው የሌላ ሰው ወረቀት መሰላት። አስደነገጣትም። ሀምዱ ቤት ሻይ መጠጣት ባያምራት ኖሮ ይህ ወረቀት አሁን ፍርድ ቤት ነበር።

አንድ ነገር ብቻ ቀራት። እሑድ ቡሬ የሚሄዱት ሽማግሌዎች እነማን ናቸው ስትል ጠየቀች። አራርሳ ለመጀመሪያ ጊዜ ቀና ብሎ ኦቦ ጅራታን አመለከተ። የሽማግሌዎቹ መሪ ከሳሹ ናቸው።

“ሌላ ማን ሊሆን ነው?” አሉ ኦቦ ጅራታ። “ክስ ሌላ፣ ሽምግልና ሌላ። ደግሞስ ሳይገሠጽ እንዳይዳር ብዬ አይደል እዚህ ያመጣሁት? በይ እንግዲህ ገሥጪልኝ።”

ትብለጥ በሕይወቷ ሰው ገሥጻ አታውቅም። ከአራርሳ ጋር እኩያ ናቸው። ቢሆንም ተነሥታ ቆመች፤ ለችሎት የተለማመደችውን ድምፅ አወጣችና ባለቀፎ ሳይጠራ ዛፍ ላይ እንደማይወጣ፣ ስልክ የሚባል ነገር እንዳለ፣ ቡሬም ቢሆን ኔትወርክ እንደሚደርስ ነገረችው። አራርሳ እጁን አጣምሮ ሰማ። ሽማግሌው በየመሐሉ “እንዲያ ነው፣ ጨምሪበት” ይላሉ። ስትጨርስ አራርሳ ዝቅ ብሎ ጉልበታቸውን ሳመ፤ እሳቸውም ራሱን ዳበሱት። ሽማግሌው መሐረባቸውን አወጡ። ትብለጥም መስኮቱን የምትዘጋ መስላ ዞር አለች።

ከዚያ ተቀምጣ አዲስ ወረቀት ጻፈች። የኦቦ ጅራታን ባለቤት በስልክ ጠይቃ ማሩ ቤት መሆኑን አረጋገጠች፤ ተጠርጣሪው የመስረቅ ሐሳብ እንዳልነበረው፣ ያወረደውንም እንደ ልማዱ ለባለቤቱ ቤት እንዳስረከበ፣ ስለዚህ ጉዳዩ አያስከስስም ብላ ወሰነች። ይህኛውን አንድ ጊዜ ብቻ ጻፈችው። ኃላፊዋ አንብቦ ፈረመበት፣ ጋሼ ዳምጤ ማኅተሙን እንደ በዓል ቀን ጠበቅ አድርገው መቱበት። ግልባጩን ለኦቦ ጅራታ ሰጥታ ቅር ካላቸው ለበላይ ዐቃቤ ሕግ አቤት ማለት እንደሚችሉ አስረዳቻቸው። ሽማግሌው ወረቀቱን አጣጥፈው ደረት ኪሳቸው ውስጥ አስገቡት፤ አቤት የምለው ነገር የለኝም አሉ። አብረው በመጡበት ሚኒባስ አብረው ሄዱ።

ሰኞ ጠዋት ትብለጥ እጇ ሥራ አልይዝ አላት። የእሑዱን ወሬ ለመጠየቅ ለማን ትደውላለች? ጠረጴዛዋን ሁለቴ ጠራረገች። አራት ሰዓት ሲሆን ጋሼ ዳምጤ ወሬውን ይዘው ከች አሉ፤ ቡሬ ዘመድ አላቸው። ሽማግሌዎቹ እሑድ ሲደርሱ ኦቦ ኢቲቻ ደጃፋቸው ላይ ቆመው አላስገባም አሏቸው። ልጁ ዐቃቤ ሕግ ዘንድ ተጠርቷል አይደል ወይ? ኦቦ ጅራታ አልካዱም። እዚያው በር ላይ ያቺን ወረቀት አውጥተው ጮክ ብለው አነበቧት፤ ከዚያም ለተሰበሰበው ሁሉ እንዲህ አሉ። “ይህን ልጅ መንግሥት ሃያ ሁለት ገጽ መርምሮ፣ ሦስት ምስክር ሰምቶ፣ ነውር አላገኘንበትም ብሎ በማኅተም አረጋግጧል። ለልጅህ ሌላ ጠያቂ ካለ እሱም እንዲህ ያለ ወረቀት ያምጣ።”

በር ላይ ሳቅ ሆነ። ኢብሴ ከጓሮ ሆና ስትሰማ ነበርና እልል አለች፤ ይህ ከሙሽራ የሚጠበቅ ባይሆንም ማንም አልተቆጣትም። ኦቦ ኢቲቻ ወረቀቱን ተቀብለው ማኅተሙን በጣታቸው ዳሰሱት፣ ገለባበጡት፣ ከዚያም ግቡ አሉ። ሠርጉ ለጥቅምት ተቆረጠ።

ትብለጥ ይህን ስትሰማ ፊቷን በሁለት እጇ ሸፍና እየሳቀች አለቀሰች። በሥራዋ እንዲህ ደስ ብሏት አያውቅም። ክስ ብታሸንፍ እንኳ ይህን ያህል ደስ የሚላት አልመሰላትም።

ነገሩ በዚያ ቢያበቃ ጥሩ ነበር። በሳምንቱ ሐሙስ ግን አንድ ጠና ያሉ ሰውዬ፣ ኮታቸውን በደንብ አስተኩሰው፣ አንድ የፈራ ጎረምሳ እጁን ይዘው ቢሮዋ ገቡ። ኦቦ ኢቲቻ ነኝ፣ የኢብሴ አባት አሉ። ታናሽ ልጃቸውን ይህ ልጅ ሊጠይቅ ነው፤ ሽማግሌ ከመላኩ በፊት እሱም ተመርምሮ እንደዚያ ያለ ወረቀት እንዲሰጠው ይፈልጋሉ።

ትብለጥ ወደ መዝገብ ቤቱ ዞረች። ጋሼ ዳምጤም ከዚያ ብቅ ብለው፣ በሠላሳ ስድስት ዓመት ክብራቸው፣ ይህ ቤት ሰው የሚመረምረው መጀመሪያ ከተከሰሰ ብቻ እንደሆነ አስረዷቸው።

ኦቦ ኢቲቻ ትንሽ አሰቡበት። ነገሩ ሕጋዊ መሆኑ አሳመናቸው። ከዚያ ወደ ጎረምሳው ዞሩ።

“ሰማህ አይደል?” አሉት። “ሂድና የሚከስህ ሰው ፈልገህ ተመለስ።”