የማይደርቀው የፊታውራሪ ዘሚካኤል ቁስል

ክቡር አንባቢ ሆይ፥ የሰው ልጅ ከሰይፍ ይሸሻል፥ ከእሳትም ይርቃል፤ አብሮት የከረመውን ደዌ ግን እንደ ቤተ ዘመድ ቆጥሮ አጠገቡ ያስቀምጠዋል። በደብረ ታቦር አውራጃ ስሙ የተፈራ፥ ክብሩም የታወቀ ፊታውራሪ ዘሚካኤል የሚባል መኰንን በወጣትነቱ ቅልጥሙን በጦር ተወግቶ ነበር። በዚያ አገር በግብር ቀን የሚፎክር ጀግና ጀብዱውን እየዘረዘረ ቁስሉን ገልጦ ያሳያልና፥ ፊታውራሪ የደረቀ ጠባሳ ይዞ መቆምን እንደ ውርደት ቆጠረው። ስለዚህ ቁስሉ ሊያሽር በጀመረ ቁጥር ቅርፊቱን በጥፍሩ እየላጠ ዕድሜውን ሙሉ ትኩስ አድርጎ አኖረው። እንግዲህ ለዚህ ምን ይባላል? ቤተ ሰዎቹ ቢለምኑትም «ተዉኝ» እያለ ይስቅ ነበር።

ጠጕሩ በሸበተ ዘመን ግን የቁስሉ ከንፈር ጠጠረ፥ ከመካከሉም ያልተጠራ ሥጋ እየጎነቆለ ወጣ። ባለቤቱ ወይዘሮ አስካለ ማርያም ፈርታ፥ መጻሕፍተ ፈውስን የመረመረውን ጠቢብ መሪጌታ ኅሩይን አስጠራች። እርሱም ቁስሉን መርምሮ፥ ብሽሽቱንም ዳስሶ፥ በረጋ ቃል ተናገረ።

«ጌታዬ፥ ሥጋ ሲቆስል ሊጠግን ይነሣል፤ ጠግኖም ያርፋል። እርስዎ ግን ዕረፍት ነሡት። ቁስል ሁሉ እዚህ አይደርስም፤ ይህ ግን ሳያርፍ ሲገነባ ኖሮ ልኩን ሳተ፥ አቁም ቢሉትም አይሰማም። ነቀርሳ ነው። የብሽሽትዎ ንፍፊት ገና አላበጠም፤ ደዌው ወደ ላይ አልወጣምና፥ እግርዎ ዛሬ ከጉልበት ቢቆረጥ ይተርፋሉ።»

«ምኔን ገልጬ ልፎክር ታዲያ?» አለ ፊታውራሪ።

ወይዘሮ አስካለ ማርያም ከአልጋው ራስጌ ቆማ እንዲህ አለችው፦ «እኔ የተዳርሁት ለእርስዎ እንጂ ለቁስልዎ አይደለም። መግሉን ስጠርግ የኖርሁ እኔ ነኝ። ቢሞቱብኝ በለቅሶው ላይ ምን ብዬ ሙሾ ላውርድ? ጠላት ያልገደለውን ጥፍሩ ገደለው ልበል?»

ይህ ቃል ከጦሩ ይልቅ ዘልቆ ወጋው፤ እግሩንም ለመቆረጥ ዘረጋ። ወጌሻ ተጠርቶ በስለታም ካራ ቆረጠው፥ በጋለ ብረትም ተኰሰው፤ ፊታውራሪም የሚስቱን እጅ ይዞ እንደ ሕፃን አለቀሰ።

በትንሣኤ ግብር ላይ በምርኩዝ ተደግፎ ቆመ። «የወጋኝን ጠላቴን በወጣትነቴ ጣልሁት፤ ስቀልበው የኖርሁትን ግን ዘንድሮ ጣልሁት» ብሎ ፎከረ። ቁስላቸውን ሊያሳዩ ተራ የያዙት ጎበዛዝት የሰበሰቡትን ሱሪያቸውን ወደ ታች መለሱ። ለጀግና ጦር ከተቀበለበት ቀን ይልቅ ቁስሉ እንዲደርቅ የፈቀደበት ቀን ይከብዳል።