የኃላፊው ወንበር ሽቶ

ኑ፣ ጠጋ ጠጋ ብላችሁ ተቀመጡ። ያቺ በር ላይ የቆመችውም ትግባ፤ ቦታ አይጠፋም። የዛሬው ወሬ ሽታ ያለው ወሬ ነው።

በአንድ ከተማ፣ በአንድ የመንግሥት መሥሪያ ቤት፣ አንዲት የዱር እንስሳት ባለሙያ ነበረች። ሥራዋ ከተማ ውስጥ ከሰው ጋር ተጋፍተው የሚኖሩትን አራዊት ማጥናትና መጠበቅ ነው። ጣሪያ ውስጥ የሌሊት ወፍ ገባ ሲባል እሷ፣ ጃርት የአትክልት ቦታ ቆፈረ ሲባል እሷ። ሐኪም አይደለችም፤ ግን ሰው ሁሉ «ዶክተር» ይላታል፤ ማረም ሰልችቷት ተወችው። አንድ ቀን አንዲት ሴትዮ ደውላ፣ «ዶክተር፣ ጦጣ ስልኬን ቀምታኝ ዛፍ ላይ ወጣች!» አለቻት።

«ታዲያ አሁን በምን እየደወሉ ነው?»

«በጎረቤቴ ስልክ። በሱ ወደ ራሴው ስልክ ብደውል እኮ ታነሳለች፣ አትናገርም እንጂ!»

እንግዲህ ውሎዋ እንዲህ ነው።

የመሥሪያ ቤቱ ሕንፃ አሮጌ ነው። ወለሉ ጣውላ፣ ከጣውላው ሥር ደግሞ ሰው በደረቱ ተስቦ የሚገባበት ባዶ ቦታ አለው። እዚያ ውስጥ፣ ልክ ከዋናው ኃላፊ ቢሮ ሥር፣ አንዲት ጥርኝ መጥታ ሦስት ግልገል ወለደች።

ጥርኝ አይታችሁ የማታውቁ ካላችሁ፣ ድመት ነገር ናት፤ ግን ከድመት ትተልቃለች፣ ፊቷ የሌባ ጭምብል ያጠለቀች ያስመስላታል። ቀን ትተኛለች፣ ሲመሽ ትዞራለች። ዝባድ የሚሉት ቅባት ከሷ ነው የሚገኘው። በምትመላለስበት መንገድ ጀርባዋን እያዞረች ትለቀልቀዋለች፤ «ይሄ የኔ ነው» ማለቷ ነው። ሲበዛ ያጥወለውላል። ሲሳሳ ግን ሙሽራ የምትቀባው ሽቶ ይሆናል።

ዶክተር ጥርኟን ያየቻት ገና እንደወለደች ነው። መናገር ግን አልሆነላትም። ኃላፊው «ከተማ ውስጥ የተገኘ አውሬ በዕለቱ ተይዞ ይውጣ» የሚል ትእዛዝ አውጥቷል። እናቲቱ ብቻዋን ብትወጣ ግልገሎቹ በረሃብ ያልቃሉ፤ አብረው ቢወጡም ገና እግራቸው አልጠናም፣ ባላወቁት ዱር ተጥለው አይተርፉም። የምትፈልገው ጥቂት ሳምንት ነው። ያኔ እናታቸው ራሷ አስከትላቸው በወንዙ ዳር ትሄዳለች። ስለዚህ አፏን ዘጋች። በየጠዋቱ ሠራተኛ ሳይገባ በደረቷ ተስባ ታያቸውና፣ አቧራዋን አራግፋ ጨዋ መስላ ቦታዋ ትቀመጣለች።

ከአንድ ሰው ግን መደበቅ አልቻለችም፤ ከጽዳት ሠራተኛዋ። ከኃላፊው ቁም ሳጥን ጀርባ አንድ ጣውላ ወልቋል፤ ጥርኟ ሲመሽ በዚያ ወደ ቢሮው ትወጣለች። ወጥታም ከዕቃው ሁሉ መርጣ የኃላፊውን የቆዳ ወንበር ትለቀልቃለች።

«ልጄ፣» አለቻት ጽዳቷ አንድ ጠዋት፣ ጨርቋን ከአፍንጫዋ አርቃ ይዛ፣ «ይቺ እንስሳሽ ሥልጣን ፈልጋለች መሰለኝ። ሌላ ወንበር ዞር ብላም አታይ።»

«እማማ፣ እባክዎ በሳሙና ጠረግ ያድርጉልኝ። ትንሽ ቀን ነው።»

«እጠርጋለሁ። እድገት ከሰጧት ግን እኔ የለሁበትም።»

በሳሙና ሲታሽ ዋናው ይለቅና ስሱ ይቀራል። ኃላፊውም በዚያ ስስ ሽቶ ላይ ሲቀመጥ ይውላል። እሱ እንደሆነ አፍንጫው ከልጅነቱ የተደፈነ ነው፤ ጽጌረዳና ናፍጣ አይለይም። ሚስቱ ግን አፍንጫ ነበራት።

አንድ ቀን ሱሪውን ስታጥብ አሸተተች፤ ደግማ አሸተተች። «ከሸሚዙ ቢሆን ሰላምታ ነው እላለሁ፣» ብላ ለእህቷ ደወለች፤ «ከሱሪው መቀመጫ ነው የሚሸተው! እንዴት ያለ ሰላምታ ነው ይሄ?» እህቷ ለእናቷ፣ እናቷ ለአክስቷ፣ አክስቷ ለቀረው ዘመድ አዳረሰች። ጠያቂው በዛ፤ ሰውየው ግን «የምን ሽታ?» ይላል። ይህ ደግሞ ክህደት ተባለበት።

አንድ ጠዋት ሴትየዋ የረሳውን መነጽር ይዛ ቢሮ መጣች። መነጽሩን ከቦርሳው አውጥታ የደበቀችበት ራሷ ናት። ሴት ሠራተኞቹን አንድ በአንድ እያቀፈች፣ አንገታቸው ሥር ቆየት እያለች ሰላም አለቻቸው። ጸሐፊዋ ሽንኩርት ሽንኩርት ትላለች፤ አለፈቻት። ገንዘብ ያዧ የልብስ ሳሙና ነች፤ አለፈቻት። ዶክተር ያን ቀን አርፍዳ ገና ከወለሉ ሥር መውጣቷ ነበር። ሴትየዋ አቀፈቻትና አልለቅ አለች።

«አንቺ ነሽ።»

«እትዬ፣ ምኑን?»

«ምኑን ትለኛለች! ባሌና አንቺ ከአንድ ጠርሙስ ነው እንዴ የምትቀቡት?»

በየበሩ ጭንቅላት ብቅ ብቅ አለ። ኃላፊው ወጣ፤ ሚስቱን አየ፤ ተመልሶ ሊገባ ሲል «ና ወዲህ!» ተባለ። ጽዳቷ መጥረጊያዋን ተደግፋ ጣሪያ ጣሪያውን ታያለች።

ዶክተር ብትናገር ግልገሎቹ ዛሬውኑ ሳጥን ይገባሉ። ዝም ብትል የሷ ስም ጭቃ ይገባል፣ የሰው ትዳርም ይፈርሳል። ሴትየዋን ቀና ብላ ስታያት ዓይኗ እንባ አቅርሯል። ይሄኔ አንጀቷ አልቻለም።

«እትዬ፣ ጉልበትዎ ደህና ነው?»

«ጉልበቴ ምን አደረገሽ?»

«ሽቶውን ላሳይዎት ነው። በደረት መሳብ አለበት።»

ሴትየዋ ለነገር የለበሰችውን ምርጥ ቀሚሷን ሰብስባ ከዶክተር ኋላ ገባች። ሰው ሁሉ ከላይ ወለሉን ከቦ ቆመ። ከዚያ ከጣውላው ሥር ሳቅ ተሰማ፤ ወለሉን የሚያርገበግብ ሳቅ። ሴትየዋ የሸረሪት ድር እንደ ዓይነርግብ ደፍታ ወጣች።

«አንተ ሰውዬ! ውሽማህ አራት እግር አላት!»

ዶክተር ወንበሩንም ጣውላውንም ዘርዝራ ነገረቻቸው። ኃላፊው ቀስ ብሎ ሱሪውን ከኋላ ዳሰሰ። ፊቱ ቲማቲም መሰለ።

«ደንብ ደንብ ነው፣» አለ ጉሮሮውን ጠርጎ። «ሳጥን አምጡ። ዛሬውኑ ይውጡ።»

«አለቃ፣ ትንሽ ቀን ብቻ። አሁን ከወጡ ይሞታሉ።»

«እኔው ያወጣሁትን ትእዛዝ እኔው ልሻር? የራሴ ቢሮ ውስጥ?»

ሳጥኑ መጣ። ዶክተር በሩ ላይ ቆመች፤ ግን አንዲት ቀጭን ሴት ስንት ሰው ትከለክላለች? ጥርኟን ያዳናት ማን እንደሆነ ታውቃላችሁ? የዘመድ ብዛት።

«ቆይ፣ ቆይ፣» አለች ሚስቱ። «ለእናቴ ምን ልበላት?»

«እውነቱን ንገሪያታ! ጥርኝ ነው በያት!»

«ማን ያምነኛል? "አታሎ አሞኛት" ነው የሚሉት። አክስቴማ ጠበቃ አነጋግራልኛለች። ይቺን እንስሳ ካስወጣህ ያለችህን አንዲት ምስክር ማስወጣትህ ነው።»

ኃላፊው አማቱን አሰበ። ከዚያ የሚስቱን ወንድም አሰበ። ከዚያ አክስቲቱን አሰበ።

«ሳጥኑን መልሱት» አለ።

ዶክተር ጊዜ አልሰጠችውም። «አለቃ፣ ዘመድ ሁሉ ሊያያት በአንዴ ከመጣ ትደነግጣለች፤ ልጆቿን ጥላ ትጠፋለች። አንድ ሰው አይቷት ከሄደ በኋላ ጥቂት ቀን ማረፍ አለባት፤ ከዚያ ሌላው ይመጣል።»

«እንዳልሽ ይሁን።»

«እትዬ፣ ዘመድዎ ብዙ ነው?»

«የኛ ቤት? ተይኝ እቴ! ገና የወንድሞቼ ሚስቶች አሉ።»

ዶክተር ፊቷን አዙራ ፈገግ አለች።

እንግዲህ የዚያን ሰሞን ቢሮ ማየት ነበር! አማቲቱ በደረት መሳብ ስላልቻሉ በሆዳቸው ተኝተው በወለቀው ጣውላ አጮለቁ፤ አሽትተውም «ልጄ፣ በድዬሃለሁ» አሉት። የሚስቱ ወንድም ተስቦ ገብቶ ቀበቶውን ምስማር ያዘበት፤ በእግሩ ጎትተው አወጡት። ኃላፊው የቆዳ ወንበሩን «ማስረጃ ነው፣ አይጠረግ» ብሎ ትቶት፣ ኮሪደር ውስጥ በርጩማ ላይ ተቀምጦ ይፈርም ጀመር። ጫማው የሚያንኳኳ ሰው ሲያልፍ «ቀስ በል! ምስክሬ ተኝታለች!» ይላል። ዘመድ እየተመላለሰ፣ ግልገሎቹም እያደጉ፣ ጊዜው ሄደ።

አንድ ቀን ፀሐይ ስትጠልቅ ዶክተርና ጽዳቷ ከጓሮው ግንብ አጠገብ ቆመው ሳለ ጥርኟ ወጣች። ሦስቱ ልጆቿ ተከትለዋት፣ ግንቡን ታክከው ወደ ወንዙ ወረዱ።

«ምነው፣ ይህን ሁሉ ሆነሽላት ዞር ብላ እንኳ ብታይሽ?» አለች ጽዳቷ።

«እማማ፣ ዞር ብላ ካየችኝማ ሥራዬን አላወቅሁበትም ማለት ነው» አለች ዶክተር፤ ዓይኗን ግን በእጅጌዋ ጠረገች።

አክስቲቱ የሚኖሩት ሩቅ አገር ስለሆነ የመጡት በማግስቱ ነው። ከጣውላው ሥር አዩ፤ ባዶ። ወንበሩን አሸተቱ፤ ሽቶ።

«ጥርኟስ?»

«ትናንት ሄደች» አለ ኃላፊው።

«እ… ትናንት። እኔ ልመጣ ስል።»

ይኸውና እስከ ዛሬ በደወሉ ቁጥር «ያቺ ጥርኝህ ደህና ናት?» እያሉ ይጠይቁታል አሉ። ኃላፊውም አክስቲቱ በመጡበት ዕለት የዶክተርን በር ቀስ አድርጎ አንኳኳ። ያ አውሬ ሁሉ በዕለቱ ይውጣ ያለው ሰው አንገቱን አስግጎ፣ «ዶክተር፣ ለጥቂት ቀን የምትሆን ሌላ ጥርኝ አትጠፋም?» አላት።

በሉ ልጆቼ፣ ወሬዬ ይኸው ነው። ሲመሽ ከቤታችሁ ጓሮ ኮሽ ሲል ብትሰሙ፣ ድንጋይ ከማንሳታችሁ በፊት እነዚያን ሦስት ግልገሎች አስታውሱልኝ። እናታቸው ምግብ ፍለጋ ወጥታ ይሆናል።