ጥላ የያዙለት ተዋናይት

ኅዳር ላይ የጀመረው በረዶ እስከ ጥር አልለቀቀም። በረራ ተሰረዘ፤ የሥራ ሰዓት ተቀነሰ። በስደት በሚኖሩባት ኦሮራ ከተማ ያለው አፓርትመንት ማሞቂያው ተበላሽቶ ለገሠና ሚስቱ መሠረት ከነካፖርታቸው ተኙ። በታኅሣሥ አንድ መንገደኛ ዘገየብኝ ብሎ ለገሠ ላይ አቤቱታ ጻፈ። ሁለተኛ ከተጻፈ ከአየር ማረፊያው ይሰናበታል። ዕድሜው ስድሳ ሰባት ነው፤ ሥራው ዊልቸር መግፋት።

በየካቲት አንድ ቀን፣ ከሰዓት በኋላ፣ ከለንደን የገቡ አሮጊት በዊልቸር እንዲገፋቸው ደረሱት። ገና ሳይናገሩ አወቃቸው።

ሄስተር ዌልቢ። እንግሊዛዊት ተዋናይት ናቸው። ሃምሳ ዓመት ሙሉ ገረድ፣ ነርስ፣ ቤት አከራይ፣ የዳኛ ሚስት ሆነው ሠርተዋል። ዋና ገጸ ባሕርይ ሆነው አያውቁም፤ ግን እሳቸው ሲገቡ ዋናዎቹ ይረሳሉ። ቴሌቪዥን ላይ በታዩ ቁጥር መሠረት፣ "ና፣ ዘመድህ መጣች" እያለች ትጠራዋለች።

ዘመዱ አይደሉም። ከአርባ ዓመት በፊት፣ ለገሠ ሱዳን ስደተኛ ሳለ፣ የፊልም ሰዎች ሬሳ እንዲሆን ቀጠሩት። ፀሐይ ላይ ተጋደመ። ቀረጻው ሲቋረጥ ሁሉም ድንኳን ይገባል፤ ሬሳው ግን እንዳይነሳ ተከልክሏል። ነርስ ሆነው የሚሠሩት ሄስተር ብቻ ወጥተው ጥላቸውን ፊቱ ላይ ዘርግተው ይቆማሉ። ሦስት ቀን። ሬሳ አይናገርምና አላመሰገናቸውም።

አሁን አብሯቸው ያለው ወኪላቸው ወጣት ነው፤ ማስቲካ ያኝካል። ያመጣቸው፣ አድናቂዎች ከፍለው አብረዋቸው ፎቶ እንዲነሱ ነው። መውጫው ላይ ሃያ ያህል ሰው ስልኩን ቀስሮ ይጠብቃል።

"መጸዳጃ ቤት ልሂድ" አሉ አሮጊቷ።

"አሥር ደቂቃ ቻይ፣ ሄስተር። ቀድመው የከፈሉ ናቸው። ፈገግ በይ።"

"አልችልም።"

"ተዋናይ አይደለሽ እንዴ?"

ቀሚሳቸው ሲረጥብ ሰዎቹ አዩ። ስልኩን ያወረደ የለም። እንዲያውም አንዷ ጠጋ ብላ አጎንብሳ ቀረጸች። ለገሠ የጃኬቱን ቁልፍ መፍታት ጀመረ።

ባዶ ዊልቸር የሚገፋው ባልደረባው እንዳልክ በጆሮው ሹክ አለው። "ጋሼ፣ እንዳይነካኩ። ሰውዬው ኮምፕሌይን ካደረገ አለቀልዎት።"

"ጃኬትህን አውልቅ።"

"ምን?"

"ከለላ ያዝ። እናትህ ቢሆኑስ?"

"የኔ እናት ፈርስት ክላስ አትመጣም" አለ እንዳልክ፤ ጃኬቱን ግን አወለቀ።

ለገሠ የራሱን ጃኬት ጉልበታቸው ላይ ጣለ። እንዳልክ የእሱን በሰዎቹ በኩል ዘረጋ፤ ጠበል ተጠምቃ ለምትለብስ ሴት ነጠላ እንደሚዘረጋው። ወደ መጸዳጃው ገፏቸው።

"ወዴት ነው?" ወኪሉ እየሮጠ ደረሰ። "ስምህ ማነው?"

ለገሠ ባጁን ከአንገቱ አውልቆ መዳፉ ላይ አስቀመጠለት። "ፊደሉን እንዳትሳሳት።"

በሩ ላይ አሮጊቷ ቀና ብለው አዩት። "ሥራህን ታጣለህ። ለምን አደረግከው?"

"ሱዳን ውስጥ ጥላ ይዘውልኝ ነበር። ሬሳው እኔ ነኝ።"

ፊቱን አተኩረው መረመሩት። "ይቅርታ" አሉ። "አላስታውስም።"

"ግድ የለም። እኔ አስታውሳለሁ። አመሰግናለሁ።"

የጽዳት ሠራተኛዋ ጽጌረዳ ተቀብላ አስገባቻቸው። የለገሠ አለቃ ሄርሞን ባጁን ከወኪሉ ተቀብላ፣ በቁጣ ስሙን እየጠራች ስትመጣ ታየችው። ለገሠ የእንዳልክን ጃኬት ተቀበለ፤ ጀርባውን ለበሩ ሰጥቶ ዘረጋውና ቆመ።