ስሙ የተነበበ ዕለት

በዐቢይ ጾም አራተኛው ዓርብ ማለዳ ርብቃ ነጠላዋን አጣፍታ ስትወጣ አማቷን እማማ ብርቅዬን በሩ ላይ ቆመው አገኘቻቸው። ጉልበታቸው አልታዘዝ ካላቸው ወዲህ እሳቸው ለጉዞ ወጥተው አያውቁም።

«ቆሎውን ያዝሽ?»

«ይዣለሁ እማማ።»

«ውሃስ?»

«ውሃም ይዣለሁ። እርስዎ ብቻ መድኃኒትዎን እንዳይረሱ።»

አሮጊቷ ሌላ የሚሉት ነገር ያለ ይመስል ከንፈራቸውን አንቀሳቀሱ። ከዚያ «በይ እግዜር ይከተልሽ» ብለው ወደ ውስጥ ገቡ።

የሆሳዕና ከተማ ካቶሊኮች በየዓመቱ በዚህ ሰሞን ከከተማ ወጥተው ኮረብታ ላይ ወዳለች አንዲት ትንሽ ጸሎት ቤት በእግር ይሄዳሉ። የአራት ሰዓት መንገድ ነው። በመንገዱ የእንጨት መስቀል በየተራ እየተሸከሙ፣ አሥራ አራት ቦታ እየቆሙ የመስቀል መንገድ ይጸልያሉ፤ አናቱ ላይ ሲደርሱ ደግሞ የስም ጸሎት አለ። ለዚህም ከመነሳታቸው በፊት በቤተ ክርስቲያኑ በረንዳ ላይ ሁለት ቅርጫት ይቀመጣል፤ አንዱ ላረፉት፣ አንዱ በስደት ላሉት። ሁሉም የየራሱን ሰው ስም በብጣሽ ወረቀት ጽፎ ይከታል። በዚያ አገር ወንድሙን ወይም ልጁን ወደ ደቡብ አፍሪካ ያልሸኘ ቤት ጥቂት ነውና የስደተኞቹ ቅርጫት ሁልጊዜ ቀድሞ ይሞላል።

ርብቃ እንደ ወትሮዋ «ጴጥሮስ» ብላ ጽፋ በስደተኞቹ ቅርጫት ከተተች። ባሏ ከሄደ ዘጠኝ ዓመቱ ነው። የሄደው በተጋቡ በዓመታቸው፣ ልጅ እንኳ ሳይወልዱ ነበር። በሞያሌ ወጥቶ፣ ስንት አገር አቆራርጦ ጆሃንስበርግ ገባ፤ ሱቅ ተቀጥሮ ሠራ፣ ቆይቶም የራሱን ከፈተ። መጀመሪያ በየእሁዱ ይደውል ነበር። በኋላ በየወሩ ሆነ፣ ከዚያም በየበዓሉ። አሁን ስልኩ ከተዘጋ ሁለት ዓመት ሊሞላው ነው።

ድሮ ሰው ሁሉ «ጴጥሮስ ደወለ ወይ?» ይላት ነበር። ልብስ በምትሰፋበት በረንዳ የሚያልፍ፣ ቀሚስ ለማሳጠር የሚመጣ፣ ከቅዳሴ የሚወጣ ሁሉ ይጠይቃታል። ይሰለቻት የነበረው ጥያቄ ቀስ በቀስ ጠፋ። የሚጠይቃት ሲጠፋ እሷም የምታወራው ሰው አጣች። እሷ ስትቀርብ የሴቶቹ ወሬ ይቋረጣል፤ አንዷ ልጇን ትጠራለች፣ አንዷ ነጠላዋን ታስተካክላለች። ርብቃ ግን ሰው የሌላው መከራ ሲረዝምበት ይታክተዋል ብላ ነገሩን ተወችው።

አምና መልካሙ የሚባል፣ ሚስቱ የሞተችበት መምህር ሽማግሌ ልኮባት ነበር። ጨዋ ሰው ነው፤ የሁለት ሴት ልጆቹን የትምህርት ቤት ልብስ እሷ ናት የምትሰፋው። ርብቃ ሽማግሌዎቹን አስቀምጣ «እኔ ባለ ባል ነኝ» አለቻቸው። ሽማግሌዎቹ እርስ በርስ ተያዩ፣ ከዚያም እማማ ብርቅዬን አዩ። እማማ ብርቅዬ መሬት መሬት ያያሉ። ርብቃ ያፈሩ መሰላትና አዘነችላቸው። መልካሙ በጥር ሌላ ሴት አገባ።

ጉዞው ተጀመረ። የከተማው ባጃጆች ጥሩምባቸውን እያሰሙ እስከ አስፋልቱ ጫፍ አጅበዋቸው ተመለሱ። ከዚያ ወዲያ ቀይ አፈር ነው። በግራና በቀኝ እንሰት የተተከለባቸው ጓሮዎች ናቸው፤ የበልጉ ዝናብ ስለዘገየ ቅጠሉ አቧራ ለብሷል። ሌላ ጊዜ ርብቃ ከጎረቤቷ ከሐዳሳ ጋር በአንድ ጃንጥላ ነበር የምትሄደው። ዘንድሮ ሐዳሳ ገና ሳይነሱ ከዘማሪዎቹ ጋር ፊት ተሰልፋ ነበር፤ ዞር ብላም አላየቻት። ርብቃ ብቻዋን ከኋላ ሆና መቁጠሪያዋን ይዛ ተራመደች። ስምንተኛው ማረፊያ ላይ፣ ጌታ የኢየሩሳሌምን ሴቶች ያጽናናበት ሲጸለይ፣ መስቀሉን የመሸከም ተራ የሴቶች ሆነ። እሷም የእንጨቱን ጫፍ ይዛ እስከ ዘጠነኛው ድረስ ተሸከመች። አጠገቧ ያሉት ሴቶች ይዘምራሉ እንጂ ከእሷ ጋር ቃል አልተለዋወጡም።

ስድስት ሰዓት ላይ ኮረብታው ላይ ደረሱ። ሰዉ በባሕር ዛፎቹ ጥላ ተቀመጠ። የቁምስናው ካቴኪስት፣ የሃይማኖት አስተማሪው መምህር ዕንባቆም መነጽሩን አድርጎ ከጸሎት ቤቱ ደረጃ ላይ ቆመ። መጀመሪያ የሚነበበው ያረፉት ስም ነው። እሱ ስም ይጠራል፣ ሕዝቡ «ጌታ ሆይ፣ የዘለዓለም ዕረፍት ስጠው» ብሎ ይመልሳል። መምህር ዕንባቆም ፀሐዩ በርትቶበት ስለነበር ወረቀቶቹን እያከታተለ፣ ምንም ሳያስብ ያነባል።

«ጴጥሮስ ሄራሞ፣ ደቡብ አፍሪካ።»

አንድ ሰው እንኳ አልመለሰም።

ርብቃ ቀና አለች። ጴጥሮስ የሚባል ብዙ ነው፤ ሄራሞም ይኖራል። ስህተት ነው ብላ ልትነሳ ስትል ግን ዝምታው ያዛት። ስህተት ቢሆን ኖሮ አንድ ሰው «ኧረ ተሳስተሃል!» ባለ ነበር። ዙሪያዋን ብትቃኝ ሁሉም አንገቱን ደፍቷል። መምህር ዕንባቆም ወረቀቱን እንደያዘ ደርቆ ቀርቷል።

«መምህር፣» አለች፤ ድምፅዋ ለራሷም የሌላ ሰው መሰላት። «እኔ እኮ በስደተኞቹ ነው የከተትኩት።»

መምህር ዕንባቆም ከደረጃው ወርዶ መጣ። «ርብቃ ልጄ፣ አረፍ በይ እስቲ።»

«መቼ ነው?»

«ሁለት ዓመት ሊሆነው ነው። የመኪና አደጋ ነው አሉ። እዚያ ያሉ የአገራችን ልጆች በሥርዓቱ ቀብረውታል። ሽማግሌ ይዘን መጥተን ልናረዳሽ ነበር… ከፋሲካ በኋላ ብለን…»

«የትኛው ፋሲካ?»

መምህር ዕንባቆም መነጽሩን አወለቀ።

ያኔ አንዲት ሴት ጮኸች። ሌሎቹም ለሁለት ዓመት አፍነው የያዙት ይመስል በአንድ ጊዜ ደረታቸውን መምታት ጀመሩ። ርብቃ እጇን አነሳች።

«ቆዩ። ጸሎቱን አልመለሳችሁለትም» አለች። ራሷም ቀድማ፣ ቃሉን አንድ በአንድ እየለየች «ጌታ ሆይ፣ የዘለዓለም ዕረፍት ስጠው» አለች። ሕዝቡ እያለቀሰ ተከተላት።

ወደ ከተማ የሚመልሳት ሞተር ሳይክል ተጠራ፣ እምቢ አለች። ደግፈው ሊያወርዷት የቀረቡትንም «ተዉኝ» ብላ የመጣችበትን መንገድ ይዛ ወረደች። ግማሽ መንገድ ያህል እንደሄደች ሐዳሳ እያለከለከች ደረሰችባት።

«ወረቀቱን የጻፍኩት እኔ ነኝ፣» አለች ሐዳሳ። «እማማ ናቸው ትናንት ማታ መጥተው ያጻፉኝ። ልጄ ሁለት ዓመት ሙሉ ያለ ጸሎት ቀረ ብለው አለቀሱብኝ። ጴጥሮስ ብቻ ብዬ ልጻፍ ብላቸው፣ ጴጥሮስ ብዙ ነው፣ እግዜር እንዳይሳሳት የአባቱንም ያለበትንም ጻፊበት አሉኝ።»

«እማማ ያውቃሉ?»

«መጀመሪያ የተነገረው ለሳቸው ነው። ለርብቃ እኔ ራሴ እስክነግራት ማንም ትንፍሽ እንዳይል ብለው አስማሉን። ርብቄ፣ ዓይንሽን ማየት እኮ አቃተኝ።»

ርብቃ አልተቆጣችም፣ አላቀፈቻትምም። ሐዳሳ ጥቂት አብራት ከተራመደች በኋላ ወደ ኋላ ቀረች።

ቤት ስትደርስ ዘጠኝ ሰዓት አልፏል። እማማ ብርቅዬ አልጋቸው ጫፍ ላይ ተቀምጠዋል፤ ጥቁር ነጠላ ለብሰዋል። የት ደብቀውት እንደኖሩ ርብቃ አታውቅም።

«ተነበበ?» አሉ።

«ተነበበ።»

አሮጊቷ ራሳቸውን ነቀነቁ። እንባቸው ያለ ድምፅ ወረደ።

«እኔ ያንን ሰው ስመልስ፣» አለች ርብቃ፣ «እዚህች ዱካ ላይ ተቀምጠው ነበር። ባለ ባል ነኝ ስል ይሰሙ ነበር።»

«ሰምቻለሁ።»

«ምን ብለው ዝም አሉ?»

«ትሄጃለሽ ብዬ ነዋ» አሉ እማማ ብርቅዬ። «እሱን አጣሁ። አንቺም ከሄድሽ በዚህ ቤት የሚሰማው የኔ ሳል ብቻ ነው። አንድ ወር ብቻ ዝም ልበል አልኩ፤ ወሩ ሲያልቅ ደግሞ ያለፈውን ምን ብዬ እንደምነግርሽ ጨነቀኝ። እኔም ልጄን ጮኼ አላለቀስኩትም። ገበያ ስትወጪ ትራስ ውስጥ ነበር የማለቅሰው።»

ርብቃ ብዙ ልትናገር ትችል ነበር። የወጣላት ግን አንድ ረጅም ጩኸት ነው፤ አሮጊቷም ጮኹ፤ ጎረቤት ተሰበሰበ።

ሦስት ቀን በድንኳን ለቅሶ ተቀመጡ። ሰው ጎመንና ቆጮ እያመጣ፣ የሆነውን እያነሳ እየጣለ አስተዛዘነ። በአራተኛው ቀን ድንኳኑ ሲፈርስ ሁለቱ ሴቶች በአንድ ቤት ተፋጠጡ። ከፋሲካ በኋላ የርብቃ ወንድሞች ሊወስዷት ከሺንሺቾ መጡ። ከእነሱም ጋር አልሄደችም፤ እማማም ዘንድ አልቆየችም። ልብስ ከምትሰፋበት በረንዳ ጀርባ አንዲት ክፍል ተከራየች። የመጀመሪያ ቀን ሽሮ ስትሠራ ለሁለት ሰው ሠርታ ኖሮ፣ የተረፈውን ምን እንደምታደርገው ጠፍቷት ድስቱን ይዛ ብዙ ቆመች።

በግንቦት አንድ ቅዳሜ ባጃጅ በረንዳው አጠገብ ቆመና እማማ ብርቅዬ በትራቸውን ተመርኩዘው ወረዱ። የደንበኞች አግዳሚ ላይ ተቀምጠው የስፌት መኪናዋን ሲያዩ ቆዩ። ርብቃ ውሃ ሰጠቻቸው። ስለ ጉልበታቸው ጠየቀቻቸው፤ እሳቸውም ስለ ዝናቡ አወሩ።

«ቤትሽን አታሳዪኝም?» አሉ በመጨረሻ።

ርብቃ እግሯን ከመርገጫው ላይ አላነሳችም። «ዛሬ አይደለም እማማ።»

«እሺ። ሌላ ጊዜ እመጣለሁ።»

«ይምጡ» አለች።

ክንዳቸውን ይዛ ባጃጁ ላይ አወጣቻቸው፣ ነጠላቸውን ጎማው እንዳይነካው ሰበሰበችላቸው። ባጃጁ ዞሮ ከዓይኗ እስኪጠፋ ቆማ አየችው። ከዚያ ተመልሳ ተቀመጠችና የጀመረችውን እጅጌ ሰፋች።