ወደ ምሥራቅ ዙሪ

ሥራ ቦታዬ ድሩይድ መሆኔን የማያውቅ የለም። የምሠራበት ፋርማሲ ማናጀር ታኅሣሥ ላይ፣ ሌሊቱ ረዝሞ ረዝሞ ማጠር የሚጀምርበትን ቀን ሳልጠይቃት ኦፍ ትሰጠኛለች። ለማያውቅ ላስረዳ። ድሩይድ ማለት አንዳንድ የአውሮፓ ሰዎች ክርስትና ሳይደርሳቸው በፊት የነበራቸውን እምነት ዛሬ እንደ አዲስ የያዘ ሰው ነው። በየወቅቱ እዚህ ካናዳ፣ ካልጋሪ ከተማ፣ ቦው ወንዝ ዳር ካለው ጫካ እንሰበሰባለን። ክብ ሠርተን እንቆማለን፣ ለአራቱም አቅጣጫ ሰላምታ እንሰጣለን፣ መሬቱን፣ ውሃውን፣ ዛፉን እናመሰግናለን፤ ከዚያ ከፔርሙስ ሻይ ጠጥተን ወደየቤታችን። ድመት አናርድም። የማኅበራችን ፌስቡክ ላይ ፎቶዬ ከነስሜ ተለጥፏል። ሀበሻ እዚያ ምን ሊሠራ ይመጣል ብዬ ነው።

እናቴ ጋ ስሄድ ግን ሌላ ሰው ነኝ። እናቴ ወለተማርያም ሬድስቶን የሚባል ሰፈር፣ ከታናሽ እህቴ ከኤዶምና ከባሏ ጋር ነው የምትኖረው። ደጃፋቸው መኪናዬን ፓርክ አደርግና ከዳሽቦርዱ ኪስ ማተቤን አውጥቼ አንገቴ ላይ አስራለሁ። ስወጣ እፈታዋለሁ። ሠላሳ ዓመት የሞላኝ መስከረም የምባል ሴት፣ የራሴን ኪራይ የምከፍል፣ መኪና ውስጥ ተደብቄ ክር አስራለሁ። በራሴ እናደዳለሁ፤ ግን አስራለሁ።

ኤዶም ይህን ሁሉ ታውቃለች። ሁለት ፅንስ ከወረደባት በኋላ ባለፈው መከር ሴት ልጅ ወለደች፤ ፀሎት አልናት። ሴት ልጅ በሰማንያ ቀኗ ክርስትና ትነሳለች። ቀኑ ሲቃረብ ደወለችልኝ።

«መሲ፣ ፕሊስ አትቆጪ። እማዬ ክርስትና እናቷ አንቺ ነሽ ብላለች።»

«አብደሻል? እምቢ በያት!»

«ብያታለሁ። ላይክ፣ ሦስት ሰው ሰጀስት አድርጌያለሁ። ከመሲ ሌላ አልሰማም አለች። ዘመድ መሆንሽ ችግር የለውም ብለዋታል ቄሱም።»

«ኤዶም፣ እዚያ ቆሜ አምናለሁ ማለት አለብኝ እኮ።»

«ሶ ጀስት በያው! ሁለት ደቂቃ ነው። ማን ያውቃል?»

«እኔ አውቃለኋ።»

ማልቀስ ጀመረች። ማታ ማታ የልጅቷ አፍንጫ ስር ጣቷን ሰድዳ ትንፋሿን እየፈተሸች እንደምታድር ነገረችኝ። «ሳትጠመቅ አንድ ነገር ብትሆንብኝስ? አይ ኖው፣ ስቱፒድ ነው። ባት ሁለቱን አጥቻለሁ። እምቢ ካልሽ እማዬ ለምን ትላለች፣ ከዚያ ፋይት ይሆናል፣ ቀኑ ያልፋል። ካንት ዱ ኢት፣ መሲ።» እዚሁ ካልጋሪ ተወልዳ ያደገች፣ ኢንጂነር የሆነች ልጅ ናት። ምን እላታለሁ?

እውነቱን ለእናቴ ነግሬ ልገላገል ብዬ ቅዳሜ ማተቤን ሳላስር ሄድኩ። ወጥ ቤት ጡጦ እያጠበች ነበር።

«እማዬ፣ ክርስትና እናት መሆን አልችልም።»

«ለምን?»

«ክርስቲያን አይደለሁማ።»

እጇ ቆመ። «ጴንጤ ሆንሽ?»

«ኧረ አይደለም!»

«እመቤቴ ተመስገን!» አለችና ማጠቧን ቀጠለች።

«እማዬ፣ አልጨረስኩም እኮ...»

«ጨርሰሻል። ቀሚስሽ ደርሷል፤ መኝታ ቤት ተሰቅሎልሻል፤ ለኪው።»

ያንን ያህል ቀን ስለማመደው የሰነበትኩት ንግግር እንደ ጡጦው ሳሙና ታጥቦ ሄደ። መኝታ ቤት ገብቼ ቀሚሱን ለካሁት። ልኬ ነበር።

እሑድ ከንጋቱ በፊት የኤዶም ባል ማትያስ እየነዳ ወጣን። እኔ ከኋላ፣ በልጅቷ ወንበርና በእናቴ መሀል ተጣብቄ ተቀምጫለሁ። ስቶኒ ትሬይል አውራ ጎዳና ላይ በረዶ ይጥላል፤ ከፊታችን መንገድ ጠራጊው መኪና ይንቀረፈፋል። የኋላው በር ከውስጥ እንዳይከፈት ማትያስ ቻይልድ ሎክ አድርጎታል፤ ሰማንያ ቀን ለሆናት ልጅ! እናቴ እጄን ይዛ መንገዱን ሙሉ አልለቀቀችኝም። እጇ ይሞቃል።

ቤተክርስቲያን ስንደርስ ቀሲስ መንገሻ ውሃውን ባርከው ጨርሰዋል። ልብሷን አውልቀው ልጅቷን ሰጡኝ። ራቁቷን ደረቴ ላይ ተለጠፈች፤ ጭንቅላቷ አገጬ ስር ገባ። ወደ ምዕራብ አዞሩኝና «ሰይጣን ሆይ፣ እክድሃለሁ በይ» አሉኝ። ይህ ቀላል ነበር። እኛ ድሩይዶች ዘንድ ሰይጣን የሚባል የለም፤ ያልያዝኩትን መካድ ምን ይከብደኛል? አልኩት።

«ወደ ምሥራቅ ዙሪ።»

አልዞርኩም። እግሬ እምቢ አለ። እዚያው ቆሜ ወሰንኩ፤ ልጅቷን ለኤዶም እመልሳለሁ፣ «ይቅርታ፣ አባታችን» እላለሁ፣ ካፖርቴን ይዤ እወጣለሁ። የመጣው ይምጣ። ይህን ሳስብ እናቴ ነጠላዬን የምታስተካክል መስላ ከኋላዬ ተጠጋች።

«ፎቶሽን ካየሁት ዓመት አልፎታል» አለችኝ በጆሮዬ። «እኔ የገዛሁልሽን ነጠላ ለብሰሽ፣ ከፈረንጆቹ ጋር ዛፍ ስር።»

በሹክሹክታ ጠየቅኳት። «ታዲያ ለምን እኔን...?»

«ለዚሁ ነዋ። ሌላ ምን ላድርግ? ብቆጣሽ ትሄጂብኛለሽ።» ነጠላውን ትከሻዬ ላይ አስተካከለችው። «ዙሪ ልጄ፣ ልጅቷ በረዳት።»

እንደዚያች ደቂቃ ተናድጄ አላውቅም። ዓመት ሙሉ ክር ስፈታ ስቋጥር እሷ እያወቀች ፊት ለፊቴ ተቀምጣ ነበር። የምደብቀው ነገር አልቆ ነበር፤ የሚይዘኝም አልነበረም። በሩ ክፍት ነው። መውጣት እችላለሁ። ቀና ስል ግን ኤዶምን አየኋት። ዓይኗን አፌ ላይ ተክላ፣ የምለውን ቃል በራሷ ከንፈር ቀድማ እያለችልኝ ነበር። ልጅቷ መንቀጥቀጥ ጀመረች። ቄሱ ይጠብቃሉ። እናቴ አልነካችኝም፤ ማንም አልነካኝም። ራሴ ዞርኩ።

«በአብ፣ በወልድ፣ በመንፈስ ቅዱስ አምናለሁ በይ።»

አልኩ። ድምፄ እንኳ አልተንቀጠቀጠም፤ እንደሚያምን ሰው ጥርት ብሎ ወጣ። ይህን ለራሴ ይቅር ማለት አልቻልኩም።

ልጅቷን ሦስት ጊዜ ነከሯት፤ ጮኸች፤ እልልታው ቀለጠ። በፎጣ ተቀበልኳት። እናቴ ስትመጣ የልጅ ልጇን ትሳም ብለው ሰዎቹ መንገድ ለቀቁላት። ልጅቷን አላየቻትም። ፊቴን በሁለት እጇ ይዛ ግንባሬን፣ ጉንጬን፣ ዓይኖቼን ሳመችኝ፤ እንባዋ ከንፈሬ ላይ ወረደ።

«እመቤቴ በቤቷ ታጽናሽ» አለችኝ።

ሰው ሁሉ ያየኛል። «አሜን» አልኩ።