ማንም ያልፈለገው

ጎረቤቴን የሰፈሩ ሰው «ቀንሰው» ይለዋል። ስሙን ያወጣሁለት እኔ ነኝ። ቤቱ ያለው አንድ አልጋ፣ አንድ ጠረጴዛና አንድ ወንበር ብቻ ስለሆነ ስሄድ መቀመጫ ዱካዬን ይዤ ነው የምገባው።

አራት ዓመት ሙሉ ሊኑክስ የሚሉትን ነገር ሲቀንስ ኖረ። እንደገባኝ ከሆነ ሊኑክስ ኮምፒውተር ነፍስ የሚዘራበት ፕሮግራም ነው። እሱ ትርፉን ሁሉ እየቆረጠ፣ ያረጀ ማሽን እንኳ የሚሸከመው ትንሽ ሊኑክስ ያበጃል።

«ሚስት ብታገባ ልጅህ እስካሁን ትምህርት ቤት ይገባ ነበር» እለዋለሁ።

«ሚስት ዕቃ ታበዛለች እትዬ።»

እህቱ መታጠፊያው ላይ ባለው ትምህርት ቤት ታስተምራለች። እዚያ መጋዘን ውስጥ ዘመን ያለፈባቸው ኮምፒውተሮች ተከምረዋል። ርዕሰ መምህሩ «ሰኞ ሲሠሩ ካየሁ ለተማሪዎቹ ይቀራሉ፤ ካልሆነ ብረት ሰብሳቢዎች ይወስዷቸዋል» አላት። እሷም ወንድሟን ተማምና ቃል ገባች።

እሑድ ከሰዓት ዱካዬን ይዤ ሄድኩ። ሥራውን የሚሞክረው እኔ ላይ ነው። «እርስዎ ከቻሉት ማንንም አያቅተውም» ይለኛል፤ ማክበሩ ነው።

በጣም የሚኮራው «መጋቢ» ብሎ በሰየመው፣ ፕሮግራሞችን በሚጭነውና በሚነቅለው ሥራው ነው። የመጋቢ ደንብ አንድ ነው፤ ከፕሮግራሞቹ አንዳቸውም የማይፈልጉትን ነገር ይጠርጋል። ድሮ ከመጥረጉ በፊት «ላጥፋ?» ይል ነበር።

«ዛሬ አይጠይቅም እንዴ?»

«ጥያቄውም ትርፍ ነው። ካዘዝኩት አዘዝኩት ነው።»

«ባሌ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ እንዲህ የሚታዘዝለት ሲፈልግ ነው የሞተው።»

ሳቀ። ለትምህርት ቤቱ ከማባዛቱ በፊት የሥራውን ብቸኛ ቅጂ የያዘውን ዲስክ ሰክቶ ነበር። «መጀመሪያ ቤቱን ላጽዳ» ብሎ ለመጋቢ አንዲት ቃል ጻፈ።

የኮምፒውተሩ መስታወት ላይ ጽሑፍ ይንቆረቆር ጀመር። ፈገግ ብሎ ሲያይ ቆየና በድንገት ዘሎ ገመዱን ነቀለው። መልሶ ሲያበራው ጥቁሩ መስታወት ላይ አንዲት ነጭ ሰረዝ ብቻ ብልጭ ድርግም አለች።

«ምን ሆነ?»

«የሠራሁትን ሁሉ ማን እንደሚፈልገው ፈተሸ» አለ በቀስታ። «ከፕሮግራሞቹ የሚፈልገው የለም። ጠረገው።»

«ዲስኩስ?»

«እሱም ተሰክቶ ነበር።»

«ሌላ ቦታ አላስቀመጥክም?»

«ሁለት ቅጂ ትርፍ…» ብሎ ጀመረና ተወው።

 ዱካዬን እንኳ ረስቼ ወጣሁ።

ሰኞ የብረት ሰብሳቢዎቹ መኪና ትምህርት ቤቱ መጣ። እህቱ በሩ ላይ ቆማ ወደ ሌላ አቅጣጫ ታያለች። እሱ ከጫኞቹ ጋር እየተጋፋ ኮምፒውተሮቹን እንደ እንቁላል ያነሳል፣ እንደ እንቁላል ያስቀምጣል።

«ወንድሜ፣ ምን ያንቀራፍፍሃል?» አለው ሾፌሩ። «ሊፈጩ እኮ ነው የሚሄዱት።»

ከሰዓት ላየው ቤቱ ገባሁ። ዱካዬ ካስቀመጥኩበት አልተነቃነቀም። ኮምፒውተሩ የነበረበት ጠረጴዛ ግን ባዶ ነው።

«እንደገና ትጀምረዋለህ» አልኩት።

«ማን ይፈልገዋል እትዬ?»

እኔ፣ ልለው አሰብኩ። ኮምፒውተር የለኝም፤ ውሸቴን ያውቅብኛል። ዱካውን ሆን ብዬ ትቼው ወጣሁ፤ ትርፍ ነው ካለ ራሱ ያምጣው ብዬ።

በነጋታው ጠዋት በሬን ስከፍት ዱካዬ ደፉ ላይ ተቀምጧል፤ ተወልውሎ።